ፍሬው ሳይታይ ማገልገል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው መስከረም የዘመን መለወጫው ቅዳሴ ተፈጽሞ፥ ምእመናን ጠበሉን ጠጥተው ዳቦውን ተቋድሰው ወደየቤታቸው ሲበተኑ፥ በደብራችን የቅዳሜ ትምህርት ቤት ሕፃናትን የሚያስተምረው ዲያቆን ወደ እኛ ቀረበና፥ «መምህር፥ ለጥቂት ጊዜ ላነጋግርዎ እሻ ነበር» አለን። ይህ ወጣት ሌሊት በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይነት የሚሠራ፥ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ እንደ ወጣ ዓይኑን ሳይከድን በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ወርዶ ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ነው። እንዲህ ሲያደርግ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ደመወዝ የለውም፤ ጠመኔውን እንኳ የሚገዛው ከኪሱ ነው።

በእጁ አንድ የተጎሳቆለ ደብተር ይዟል። የዘጠኝ ዓመት የስም መጥሪያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሠላሳ አንድ ልጆች ተመዝግበው ነበር፤ ዘንድሮ የቀሩት አምስት ናቸው። ከእነዚያ ከሠላሳ አንዱ መካከል ዛሬ በቅዳሴ የሚቆሙትን አንድ በአንድ ለቅሞ ሦስት አግኝቷል። ከሦስቱም አንዱ እናቱን በመኪና አድርሶ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ መሆኑን አልደበቀንም። ደብተሩን ዘጋና፥ «መምህር፥ እግዚአብሔር ይህን ሥራ ፈልጎት ቢሆን ኖሮ እንዲህ መክኖ ይቀር ነበርን? ምናልባት ጥሪው የእኔ አልነበረም። ፈቅደው ያሰናብቱኝ» አለን።

እኛም እንደ ልማዳችን፥ «ልጄ፥ ሁሉም በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ፍሬውን እርሱ ያውቃል፤ አንተ ብቻ ታገሥ» ብለን ትከሻውን መታ መታ አድርገን ሸኘነው። ዲያቆኑ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ። ያ እሺታ ግን የተጽናና ሰው እሺታ አልነበረም፤ ታላቅን መመለስ ነውር ሆኖበት ዝም ያለ ሰው እሺታ ነበር። ወደ ቤታችን ስንመለስ ይህ ነገር ከነከነን። እኛ ራሳችን መከራ በደረሰብን ጊዜ ሌሎች በዚያው ቃል ሲያጽናኑን ምን ያህል እንደ ተቀየምናቸው አልረሳነውም። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ለዚያ ወጣት የተበደርነው መልስ ነው። በየከተማው በተመሳሳይ ምድር ቤት ለሚደክሙት ሁሉ ደግሞ እግረ መንገዱን ይደርስ እንደ ሆነ ብለን በዚህ መጽሔት አወጣነው።

የሰጠነው መልስ ሐሰት አልነበረም። ጥፋታችን እውነተኛውን ቃል ንግግር ለማሳጠሪያ ማድረጋችን ነው። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለው ቃል በአፋችን ላይ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ይሸፍናል። ሰው የሚችለውን ሁሉ አድርጎ፥ ነገሩ ግን ከአቅሙና ከማስተዋሉ በላይ ሆኖበት ራሱን ለፈጣሪው ሲሰጥ ይህን ቃል ይናገራል፤ ይህ የቅዱሳን ቃል ነው። ስብሰባችን በጭቅጭቅ ሲበተን፥ የሰበካው ሒሳብ ሲበላሽ፥ ልጆቻችን ሲጠፉብንም ይህንኑ ቃል እንናገራለን፤ ይህ የሰነፍ ቃል ነው። ነጋዴ ዋጋ ሳያጠና ሱቅ ከፍቶ ሲከስር «አልቀናኝም» ይላል፤ ጎረቤቶቹ ግን ያልቀናው ለምን እንደ ሆነ ያውቃሉ። አንድ ቃል የአምላክን ምሥጢርና የእኛን ቸልተኝነት እኩል የሚሸፍን ከሆነ፥ ስለ ሁለቱም የነገረን ነገር የለም ማለት ነው።

የዲያቆኑ ደብተር ደግሞ በሌላው ወገን ያጠምዳል። የሰፈርንበት ምድር ሁሉን በቁጥር መለካት ያስተምራል፤ ቁጥር የሌለው ነገር በዚህ አገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። (ነገሩን ሁሉ በባዕድ አናመካኝ። በአገራችንም ሳለን በጥምቀት የወጣውን ታቦትና የተሰለፈውን ሕዝብ እየቆጠርን «ሃይማኖታችን ጸንታለች» እንል ነበር።) ቁጥሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እረኛ በጎቹን ይቆጥራል። ክፋቱ ከቁጥሩ ተነሥቶ «እግዚአብሔር አልፈለገውም» ወደሚለው ፍርድ መዝለል ነው። በዚህ ሚዛን ቢመዘን ነቢዩ ኤርምያስ ከሁሉ የከሰረ አገልጋይ በሆነ ነበር። ወደ እርሱ ኋላ እንመለሳለን።

አስቀድመን ግን የአንድ ስደተኛ መነኩሴ ታሪክ እናንሣ። ስሙን ብዙዎቻችን አናውቀውም። (ዘመኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሰው በ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ በጎጃም የተወለደ ሲሆን፥ የመጽሐፍ ስሙ አብርሃም ነው፤ በታሪክ የሚታወቀው ግን አቡ ሩሚ በሚለው ስም ነው። በኢየሩሳሌምና በግብፅ ብቻ ሳይወሰን እስከ ፋርስና እስከ ሕንድ እንደ ተንከራተተ ይነገርለታል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ካይሮ ላይ ታምሞ ሳለ፥ በዚያ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም የነበረው አስለን ደ ሼርቪል ረዳው። ፈረንሳዊው የምሥራቅ ቋንቋዎች ወዳድ ነበርና የሽማግሌውን ዕውቀት ባየ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ እንዲመልስ ለመነው።

ሁለቱ እንዴት እንደ ሠሩ ፈረንሳዊው ራሱ መስክሯል። ዐሥር ዓመት ሙሉ፥ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ደጁን ለጎብኚ ሁሉ ዘግቶ፥ ከመነኩሴው ጋር የዐረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር በቁጥር ቀስ ብሎ ያነብ ነበር። ቃሉ ሲከብዳቸው ዕብራይስጡን፥ ሱርስቱንና የሰባ ሊቃናቱን ትርጉም ያመሳክራሉ። መነኩሴው ደግሞ በገዛ እጁ ይጽፋል። ሥራው ሲፈጸም 9,539 ገጽ ሆነ። ከዚያም አቡ ሩሚ ወደ ኢየሩሳሌም ወርዶ ተሳለመ፤ ወደ ካይሮ ተመልሶም ብዙ ሳይቆይ ወረርሽኝ ገባና ሞተ።

እስቲ በዚህ ቦታ እንቁም። ይህ መነኩሴ ዓይኑን በከደነ ሰዓት ያየው ፍሬ ምን ነበር? በባዕድ ሰው ቤት የተከመረ ወረቀት ብቻ። አንድ ኢትዮጵያዊ አላነበበውም። ማተሚያ ቤት አልገባም። በአገሩ ያሉት ሊቃውንት መኖሩን አያውቁም፤ ቢያውቁም መጽሐፉ በግእዝ እያለ፥ አማርኛው ደግሞ በአንድምታው ትርጓሜ በቃል ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ ሳለ፥ ይህ ለምን አስፈለገ ባሉት ነበር። ዐሥር ዓመት ማክሰኞና ቅዳሜ! የእኛ ዲያቆን ዘጠኝ ዓመት ቅዳሜ ብቻ ነው። እንዲህ ስንል ልናሳንሰው አይደለም፤ አቡ ሩሚ ሌሊቱን መኪና ሲጠብቅ አላደረም።

የቀረውን ታሪክ በአጭሩ እንንገር። በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ የእንግሊዝ ሚሲዮናዊ ካይሮ ላይ መጽሐፉን አግኝቶ ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ወንጌሎቹ በ1824፥ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፥ መጽሐፍ ቅዱሱ በሙሉ በ1840 ታተመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያዊ መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ በኅትመት ያነበበው በዚያ መነኩሴ ድካም ነው። ኋላ የመጡት ትርጉሞች፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተዘጋጀውን ጨምሮ፥ እርሱ በጠረገው ጎዳና የሄዱ ናቸው።

ብዙ ሰባኪ ታሪኩን እዚህ ላይ ይፈጽመውና «ያያችሁ? ፍሬው ዘግይቶ መጣ እንጂ አልቀረም፤ የእናንተም ይመጣል» ይላል። እኛም ለዲያቆኑ ይህን ልንጽፍለት ጀምረን ነበር። ነገር ግን ብዕራችንን ያቆሙን ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የፍሬው መንገድ ነው። መጽሐፉ ወደ አገራችን የገባው አቡ ሩሚ ባላሰበው እጅ ነበር። ሳሙኤል ጎባት በ1830 የታተሙትን ወንጌሎች ይዞ ገብቶ ሲያከፋፍል፥ ከገዳም የወጣ መነኩሴ የደከመበት ቃል ከአባቶቻችን ጋር ለሚከራከሩ ሚሲዮናውያን መሣሪያ ሆነ። በኋላ ደግሞ ያው ቃል የቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን በየቤታቸው የሚያነቡት ሆነ። እንግዲህ ፍሬው የማን ነው? የዘራው ሰው ተነሥቶ ቢያይ ደስ ይለው ነበር ወይስ ያዝን ነበር? ሁለቱም ይመስለናል። ፍሬ ሲመጣም እኛ ባቀድነው መልክ፥ እኛ በመረጥነው አፍ እንደማይበላ ከዚህ እንማራለን። የእግዚአብሔርን አሳብ እንታመናለን የሚል ሰው ይህንንም ጭምር መታመን አለበት፤ የሚያስጨንቀውም ይኸኛው ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ታሪክ የሚነግረን የተረፉትን ነው። አቡ ሩሚን ያወቅነው መጽሐፉ ስለ ተረፈ ነው። በግራኝ ዘመን ከ1529 እስከ 1543 በነበረው ጦርነት ከአብያተ ክርስቲያኑ ጋር የነደደውን ብራና ማን ቆጠረው? ደርቡሾች በ1888 ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ከነደዱት መጻሕፍት መካከል አንድ ጸሐፊ ዓይኑ እስኪጠፋ የደከመበት፥ ከዚያ በቀር ሌላ ቅጅ ያልነበረው ስንት ነበር? ከእነዚያ ጸሐፍት አንዱን አንሥተን «ፍሬህ ይመጣል» ብንለው ውሸታሞች በሆንን። አልመጣም። ተቃጥሏል።

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ሆኖ ይጠራል። ጆዌት በካይሮ ባያልፍ፥ ወይም ያ ወረርሽኝ የገባበት ቤት ከነወረቀቱ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ፥ የዐሥሩ ዓመት ማክሰኞና ቅዳሜ ከንቱ ይባል ነበርን? «አዎን» ያልን እንደ ሆነ፥ የአንድ መነኩሴ አገልግሎት ዋጋው በአንድ እንግሊዛዊ መንገደኛ ጉዞና በ1,250 ፓውንድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር ማለታችን ነው። እግዚአብሔር አገልጋዮቹን የሚመዝነው በዚህ ሚዛን ነው ብሎ የሚያምን ክርስቲያን ያለ አይመስለንም። «አይደለም» ያልን እንደ ሆነ ደግሞ፥ ዋጋው ከመታተሙ በፊት፥ ገና ደጁ ተዘግቶ ቁጥር በቁጥር ሲነበብ በነበረበት ሰዓት ተፈጽሞ ነበር ማለት ነው። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ምርጫው ግን ርካሽ አይደለም፤ ዘግይቶም ቢሆን ይታያል ብለን የምንጠብቀውን መጽናኛ ከእጃችን ይወስድብናልና።

በልጅነታችን የጎጃም ቅኔ ቤት ያሳየን አንድ ነገር ይህን ለማስረዳት ይጠቅማል። የኔታ ሌሊቱን ሲያብሰለስሉ አድረው ለዕለቱ በዓል ቅኔ ያበጁ ነበር። ጉባኤ ቃናም ሆነ ሥላሴ፥ ሰሙና ወርቁ፥ ቤቱና ምቱ ሁሉ ተስተካክሎ፥ ጠዋት በቤተ መቅደሱ አንድ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ አይደገምም። ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማለት በቅኔ ቤት ሕግ ነውር ነው። ከደቀ መዛሙርት አንዱ ካልያዘው በቀር ያ ሁሉ ጥበብ ከመዘምራኑ ቃል ጋር አብሮ ያልቃል፤ ብዙውም እንዲሁ አልቋል። እኛ ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግተን፥ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገልን ለምነን ስንመለስ የኔታ የነገውን ቅኔ ሲያወጡ እናገኛቸዋለን። አንድ ቀን ከመካከላችን ደፋር የነበረው፥ «የኔታ፥ ይህን ሁሉ ለምን አይጽፉትም?» ቢላቸው፥ ሳቁና ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው፥ «የተሰጠው ሰምቶታል» አሉት። በዚያን ጊዜ የቀለዱ መስሎን ነበር።

ኋላ በዩኒቨርሲቲ የግሪኩን ፈላስፋ የአርስጣጣሊስን የሥነ ምግባር መጽሐፍ ስንማር የየኔታ ነገር ትዝ አለን። ፈላስፋው የሰውን ሥራ በሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ፍጻሜው ከሥራው ውጭ የሆነ ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው ቤቱ ካልቆመ ድካሙ ከንቱ ነው። ሁለተኛው ፍጻሜው በራሱ በሥራው ውስጥ ያለ ነው፤ መልካም ማድረግ መልካም በማድረጉ ይፈጸማል። ጸሎትና ምስጋና ከዚህ ከሁለተኛው ወገን መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም። በባዶ ቤተ ክርስቲያን ቢቀደስም ቅዳሴው ጎደሎ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ዲያቆኑ እዚህ ላይ ሊይዘን ይችላል፤ እውነትም አለው። «መምህር፥ እኔ ቅኔ አልቀኘሁም፤ ልጆች ነው ያስተማርሁት። ማንም ያልተማረበት ማስተማር ምን ማስተማር ነው?» ቢለን አፋችን ይያዛል። ማስተማር ከሁለቱም ወገን ነው። በእግዚአብሔር ፊት የሚቀርብ መሥዋዕት እንደ መሆኑ በራሱ ይፈጸማል፤ የሰው ልጅ ነፍስ የተያዘበት እንደ መሆኑ ግን ውጤቱን ሳይመለከቱ «እኔ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ማለት ጭካኔ ነው። ሐኪም በሽተኛው ሲሞት «መልካም ሐኪም ነበርሁ» ብሎ ብቻ ወደ ቤቱ አይገባም።

ቅዱስ ወንጌልም ይህን አልዘነጋም። ማርቆስ ብቻ የጻፈው አንድ ምሳሌ አለ፤ ገበሬው ዘርቶ ይተኛል፥ ይነሣል፥ ዘሩም እርሱ እንዴት እንደ ሆነ ሳያውቅ ያድጋል። ሰባኪዎቻችን ይህን ይወዱታል። በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ ያለችውን በለስ ግን እናልፋታለን። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ አጥቶ ቍረጣት ባለ ጊዜ፥ አትክልተኛው «የአንተ ፈቃድ ነው» ብሎ ምሳሩን አላነሣም፤ «ፍሬዋን አንተ ታውቃለህ» ብሎም አልተቀመጠም። አንድ ዓመት ለመነላት፤ በዙሪያዋ ሊቆፍርና ፍግ ሊያፈስስላት ቃል ገባ። መታመን በአካፋ ጭምር እንደሚሠራ ከዚህ አትክልተኛ የተሻለ የሚያስረዳን የለም።

እንግዲህ ፍሬ አጣን የምንል እኛ ዙሪያውን ቆፍረናልን? ስለ ራሳችን እንናገር። ልጆቻችን በማይሰሙት ቋንቋ ተርጓሚ ሳናዘጋጅ ሁለት ሰዓት ሰብከናቸዋል። ሲያዛጉ በዓይናችን ቀጥተናቸዋል። አማርኛቸው ሲሰበር ስቀንባቸዋል፤ የሳቅንበት ልጅ ሁለተኛ አፉን እንዳልከፈተ ዲያቆኑ ያውቃል፥ ስሙ በደብተሩ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ጠባችን ነው። የአባቶች መለያየት ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2018 በዋሽንግተን ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ፥ በአንድ ከተማ የምንኖር የአንድ እምነት ልጆች በሁለት ደጅ ስንሳለም ኖረናል። በዚያን ዘመን አንዲት ሕፃን ከመኪና ወርዳ፥ «የአክስቴ ልጅ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ያለው እግዚአብሔር ሌላ ነው ወይ?» ብላ ስትጠይቅ ቆመን ሰምተናል። አባቷ «ዝም በይ» አላት። እኛም ሽበታችንን ይዘን ዝም አልን። የዚያች ሕፃን መቅረት የእግዚአብሔር ምሥጢራዊ አሳብ ነው ብለን ለዲያቆኑ መንገር ድፍረት ነው። የእኛ ዝምታ ነው። ዕርቁ ከወረደ በኋላም ቢሆን ያ ዘመን ያመለጠውን ልጅ መልሶ አላመጣም።

ይህን ሁሉ ቆፍረን ስናበቃ ግን የሚቀር ነገር አለ። የሚቻለውን ሁሉ ያደረገ፥ በትሕትና ያስተማረ፥ ማንንም ያልሳቀበት፥ እንደዚህ ዲያቆን ያለ ሰው አለ፤ እርሱም ፍሬ አላየም። የእግዚአብሔር አሳብ የሚለውን ቃል ልንናገር የሚገባን እዚህ ነው፥ ከዚህም በፊት አይደለም።

ኤርምያስ ከዚህ ወገን ነበር። ከንጉሥ ኢዮስያስ 13ኛው ዓመት ጀምሮ ኢየሩሳሌም እስክትፈርስ አርባ ዓመት ገደማ ተናገረ፤ ሕዝቡ አልሰማውም። ሚስት እንዳያገባ ተከልክሎ ብቻውን ኖረ። ባሮክ ከአፉ ተቀብሎ የጻፈውን መጽሐፍ ንጉሥ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ ተቀምጦ ሦስትና አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በካራ እየቀደደ በምድጃው እሳት ጨመረው። ነቢዩም ሌላ ክርታስ አስመጥቶ እንደገና አስጻፈ። በመጨረሻ በጭቃ ጉድጓድ ሲጣል፥ ከነገሥታቱና ከካህናቱ ወገን ማንም ሳያዝንለት፥ በገመድና በአሮጌ ጨርቅ የጎተተው አንድ ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው፤ አቤሜሌክ።

የዚህ ኢትዮጵያዊ ነገር ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው በተረፈ ባሮክ ይቀጥላል። ኤርምያስ ይህ ደግ ሰው የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ ጸለየ፤ ለሕሙማን የሚሆን በለስ ለቅሞ እንዲያመጣ ወደ አግሪጳ የአትክልት ቦታ ላከው። አቤሜሌክ ለቀመ፤ ሲመለስ ሙቀት በረታበትና ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ አለ፤ ስልሳ ስድስት ዓመት ተኛ። ሲነቃ በለሱ ገና ወተቱ ይንጠባጠባል። እርሱም ጥቂት ብቻ የተኛ መስሎት ዘገየሁ ብሎ ተጨነቀ፤ ከተማው ሲደርስ ቤቱን አጣ፥ ዘመዱን አጣ፥ መንገዱን የሳተ መሰለው። አንድ ሽማግሌ ነው ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ከተማረከ ስንት ዘመን እንደ ሆነ የነገረው። ከዚያም ባሮክ ከዚያው በለስ ከደብዳቤ ጋር አድርጎ በንስር አንገት አሥሮ ወደ ባቢሎን ላከ፤ ኤርምያስም በምርኮ ላሉት ሕሙማን አደላቸው።

ይህን መጽሐፍ በልጅነታችን ስንሰማ የምንደነቀው በስልሳ ስድስቱ ዓመት እንቅልፍ ነበር። አሁን በስደት አርጅተን ስናነበው የሚያስደንቀን የበለሱ መንገድ ነው። በለሱ የተለቀመው በኢየሩሳሌም ለነበሩት ሕሙማን ነበር፤ ለእነርሱ አልደረሰላቸውም። ይህን አንሸፋፍነው፤ እነዚያ ሕሙማን በለሱን እየጠበቁ ሞቱ ወይም ተማረኩ። የበላው ሌላ ትውልድ ነው፤ አቤሜሌክ በማያውቀው አገር፥ ሲለቅም ገና ያልተወለዱ ሕሙማን። የለቀመውም ሰው በመካከሉ ባለው ዘመን ሁሉ ያደረገው አንድም ነገር የለም፤ ተኝቷል። የመጽሐፉ መጨረሻም ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ኤርምያስ ሕዝቡን ከምርኮ መልሶ ካስገባ በኋላ ስለ ክርስቶስ መምጣት ቢነግራቸው በድንጋይ ወገሩት።

እምነት እንግዲህ በለሱ ለታሰበለት ሕመምተኛ ይደርሳል ማለት አይደለም። የእኛ ሠላሳ አንድ ልጆች ይመለሳሉ ብለን ለዲያቆኑ ቃል ልንገባለት አንችልም፤ ቃል የመግባት ሥልጣን አልተሰጠንምና። ልንለው የምንችለው፥ የለቀመው በእኛ ቅርጫት ይበሰብሳል ብለን የምንፈራው ነገር በእግዚአብሔር ዘንድ እንደማይበሰብስ እናምናለን፥ ለማን እንደሚታደል ግን አናውቅም፥ የሚለውን ያህል ነው። ይህ ጥቂት ነገር መሆኑን እናውቃለን። አንዳንድ ሌሊት ለእኛም አይበቃንም።

ይህን ሁሉ በቃል ልንነግረው ባለፈው ሳምንት ቤታችን ጠራነው። ቡናው ተፈልቶ አቦሉን እስክንጠጣ ስለ ሥራው፥ ጎጃም ስላሉት እናቱ ጤንነት ተጨዋወትን፤ ቀጥሎ የጻፍነውን አነበብንለት። ጸጥ ብሎ ሰማ። ስለ አቡ ሩሚ የሰማው ገና ያን ጊዜ ነበር፤ 9,539 የሚለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስደገመን። ከዚያ፥ «መምህር፥ ደክሞኛል እኮ። እምነት አጥቼ ብቻ አይደለም፤ እንቅልፍም አጥቼ ነው» አለን። ይህን ሲናገር ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከደብሩ አንድ ሰው እንኳ «ልተካህና ተኛ» እንዳላለው ግን ያን ጊዜ ታወቀን። እኛም ከእነዚያ አንዱ ነበርን።

መቀጠሉን ወይም መተዉን እስካሁን አልወሰነም። እስከ ልደት ጊዜ ስጡኝ ብሏል። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉን እኛ ይዘነዋል። ፊደል ካስቆጠርን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆነን ነው፤ ድምፃችንም እንደ ድሮው አይወጣም። ከአምስቱ ልጆች ባለፈው ቅዳሜ አራት መጡ። አንዷ የሁሉም ታናሽ ስትሆን ሀ ሁን ጨርሳ ለ ሉ ላይ ደርሳለች። ዲያቆኑ የሰጠንን ደብተር ከፍተን ስማቸውን ጠራን፤ የቀረውንም አንዱን ለመጠየቅ ወደ እናቱ ስልክ ደወልን። ጠመኔው ስላለቀ ለሚመጣው ሳምንት ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር ምድር ቤቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።